በሐዋሳ መሀል ከተማ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከእድሳት በኋላ፦ የአንድ ወላጅ ግምገማ

የትምህርት ሚኒስቴር በ2015 ዓ.ም. ያስጀመረው «ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ የትምህርት ቤቶችን ደረጃ ኅብረተሰቡን በማሳተፍ ለማሻሻል የታለመ በመሆኑ፣ ልጄ በሚማርበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታየውን ለውጥ ለሌሎች ወላጆች ላካፍል ወድጃለሁ።

ግቢው በእርግጥ ተለውጧል። ይፈራርስ የነበረው የጭቃ ግድግዳ በብሎኬት ተተክቷል፤ ለሴቶችና ለወንዶች የተለያየ መጸዳጃ ቤት ተሠርቷል። ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተችኝ ግን የክፍል ኃላፊዋ መምህርት ናት፤ ደብተር ስታርም ኤክስ ብቻ አድርጋ አታልፍም፣ ልጁ የተሳሳተበትን ቦታ አስምራ ትክክለኛውን አሠራር ከጎኑ ትጽፍለታለች። ይህን ትጋት ከፍተኛ ክፍያ በሚጠይቁ የግል ትምህርት ቤቶች እንኳ ሁልጊዜ አላየሁትም።

ቅሬታዬ መጽሐፍ ላይ ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተዘጋጀው የሒሳብ መጽሐፍ ለሦስት ተማሪዎች አንድ ብቻ ስለደረሰ፣ ልጄ ወደ ቤት የሚያመጣው ተራው ሲደርስ ነው፤ በሌላው ቀን የቤት ሥራውን ከሰሌዳ ሲገለብጥ ቁጥር እየዘለለ ይመጣል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲታሰብ፣ ክፍተቱ ከታችኛው ክፍል መደፈን እንዳለበት አያጠራጥርም፤ በእኔ እምነት መጽሐፉ ከአጥሩ ቀለም መቅደም ነበረበት።

ቤተ መጻሕፍቱም ተማሪ ሲወጣ አብሮ ይዘጋል። ቤታቸው ጠባብ ለሆነ የመሀል ከተማ ልጆች እስከ 12 ሰዓት ክፍት ቢሆን ትልቅ እገዛ ነው። እንዲህም ሆኖ ለመምህራኑ ስል ልጄን ዘንድሮም እዚያው አስመዝግቤዋለሁ።