የእማዬ የጣት ኦክስጅን መለኪያ

መለኪያውን የገዛሁት መርካቶ ነው። እንደ ልብስ መቆንጠጫ ጣት ላይ ይያዛል። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ የኦክስጅን መቶኛና የልብ ምት ያሳያል። ቁጥሩ ትልልቅ ስለሆነ እማዬ ያለ መነጽር ታነበዋለች፤ ይሄን በጣም ወድጄለታለሁ።

ደረጃ ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር። ስለካት 94 አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ 94 ደህና ቁጥር ነው። ተረጋጋሁ። ፊቷ ግን እየገረጣ ሄደ። ደሟ ሲመረመር ሄሞግሎቢኗ፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 7 ግራም ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ያኔ ነው የገባኝ። መሣሪያው የሚነግረን ካለው ሄሞግሎቢን ስንት እጁ ኦክስጅን እንደያዘ ነው። ሄሞግሎቢኑ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ አያውቅም። 1 ግራሙ ሲሞላ 1.34 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ተሸካሚው በግማሽ ሲያንስ ጭነቱም በግማሽ ያንሳል። ልብ ደግሞ ቶሎ ቶሎ እየመታ ጉድለቱን ሊሞላ ይታገላል። ምቷ 112 ነበር። ማየት የነበረብኝ ያንን ቁጥር ነው!

የሳንባ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ይግዛው እላለሁ። ጣት ሲቀዘቅዝና ጥፍር ቀለም ሲቀባ ግን ይሳሳታል። እኔ መጀመሪያ እጇን በእጄ አሙቄ ነው የምለካት።