አዲሶቹ ፒክአፖች፦ ለሹፌሩ ጥሩ፣ ከኋላ ለተቀመጠውስ?
የአሁኖቹ ፒክአፖች ከድሮዎቹ ጋር አይወዳደሩም። በከባድ ግጭት የፊቱ ብረት ተጨማድዶ ኃይሉን ይውጣል፣ ጋቢናው ግን ቅርጹን ይይዛል፤ ቀበቶው ወዲያው ጠበቅ ይላል፣ ኤርባጉም ይነፋል። ፎርድ ሬንጀር በ2022 እ.ኤ.አ. የመኪናዎችን ደህንነት ከሚፈትሸው የአውሮፓ ተቋም ከዩሮ ኤንካፕ 5 ኮከብ ያገኘው በዋዛ አይደለም።

የኋላ ወንበር ላይ ስደርስ ግን ቅር ይለኛል። የአሜሪካው የመኪና ደህንነት ፈታሽ ተቋም አይአይኤችኤስ በሰዓት 64 ኪሎ ሜትር በሚያደርገው የፊት ለፊት ግጭት ሙከራ፣ ከሹፌሩ ኋላም ሰው መሰል የመሞከሪያ አሻንጉሊት አስቀምጦ መፈተሽ ሲጀምር፣ በርካታ ትልልቅ ፒክአፖች ደካማ ውጤት ነው ያመጡት። ልጆቻችን የሚቀመጡት እኮ እዚያ ነው! ስትገዙ ኮከቡን ብቻ አትዩ። የኋላው ቀበቶ በግጭት ጊዜ ራሱን የሚያጠብቅ መሆኑን ጠይቁ፤ ካልሆነ እኔ አልገዛውም።