ራዲዮግራም ወይስ ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ለየብቻ? የድሬዳዋና የሐረር ገዢ ሊያመዛዝናቸው የሚገቡ ነጥቦች

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር የቆየ የቫልቭ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) ራዲዮና የሸክላ ማጫወቻ የሚፈልግ ሰው ሁለት አማራጮች አሉት። አንደኛው ሁለቱንም በአንድ የእንጨት ሣጥን ያጣመረው ራዲዮግራም ነው፤ ሁለተኛው የጠረጴዛ ራዲዮና ማጫወቻን ለየብቻ መግዛት ነው። በመልክ ራዲዮግራሙ ይበልጣል። ሊጠገንና ለዓመታት ሊያገለግል የሚችል ዕቃ ለሚሻ ግን እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ራዲዮን ብዙውን ጊዜ የሚያበላሹት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትንንሽ ክፍሎች) ዛሬም ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ የሚገዙ ሲሆኑ፣ ማጫወቻን የሚያበላሹት ግን ብዙውን ጊዜ ለዚያው ሞዴል የተሠሩ የጎማና የመርፌ ክፍሎች ናቸው፤ በራዲዮግራም ውስጥ አንዱ ሲበላሽ ለብቻው አውጥቶ በሌላ መተካት ያስቸግራል።

ራዲዮውን ለመለየት ከፊት ካለው የፊሊፕስ፣ የግሩንዲግ ወይም የቴሌፉንከን ስም ይልቅ የጀርባው ክዳን የበለጠ ይናገራል። የሞዴሉ ቁጥርና የሚሠራበት ቮልቴጅ የተጻፈው እዚያ ነው፤ የቮልቴጅ መምረጫው በ110 ወይም በ127 ላይ ከሆነ ወደ 220 ሳይዞር መሰካት የለበትም። ቀጥሎ በቫልቮቹ ላይ የታተመው ፊደል ይነበብ። በአውሮፓ አጠራር የአብዛኞቹ ቫልቮች ስም እንደ ኢኤል 84 በ«ኢ» የሚጀምር ከሆነ ራዲዮው እንደ ደንቡ ትራንስፎርመር አለው፤ እንደ ዩኤል 84 በ«ዩ» የሚጀምር ከሆነ ግን ትራንስፎርመር የሌለውና የውስጡ ብረት ከመብራት መስመሩ ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁለተኛው ዓይነት በሚነካ ሰው ላይ አደጋ ስለሚያደርስ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ምንም ያህል ርካሽ ቢሆን አልመክረውም።

ሻጩ ወዲያውኑ ሰክቶ ሊያሳይ ቢፈልግም እንዲታገሥ ይለመን። ለረጅም ጊዜ ሳይበራ የቆየ ራዲዮ በቀጥታ በ220 ቮልት ሲሰካ፣ የደረቁት የማጣሪያ ካፓሲተሮች ሊፈነዱና ትራንስፎርመሩን ይዘው ሊጠፉ ይችላሉ። ከራዲዮው ጋር በተከታታይ በተገናኘ ባለ 60 ዋት የድሮ ባለ ክር አምፖል መሞከር ይሻላል፤ አምፖሉ መጀመሪያ ደምቆ ቀስ በቀስ ከደበዘዘ መልካም ምልክት ነው፣ ደምቆ ከቀረ ግን ውስጡ ሾርት አለ። በጥገናው ቅድሚያ የሚሰጠው ከመጨረሻው የድምፅ ማጉያ ቫልቭ ግሪድ (ድምፁ ወደ ቫልቩ ከሚገባበት እግር) ጋር የተያያዘው የወረቀት ካፓሲተር ነው፤ እሱ ካሾለከ ቫልቩ ከመጠን በላይ ግሎ ይቃጠላል። በባለ 630 ቮልት ፖሊስተር ካፓሲተር ይተካ። የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ የሚሰማ ከሆነ የማጣሪያ ካፓሲተሮቹ አልቀዋል ማለት ነው። ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ካፓሲተሮች ከ200 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ባለሙያ ሳያራግፋቸው እጅ አይገባበትም።

ኤፍ ኤም ለማዳመጥ የሚገዛ ሰው የኤፍ ኤም ጣቢያ መፈለጊያው መስመር የት እንደሚያበቃ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በተሠሩ የጀርመን ራዲዮዎች ላይ ብዙውን ጊዜ በ100 ሜጋ ኸርዝ ስለሚቆም፣ ከዚያ በላይ የሚሠራጭ ጣቢያ አይያዝም።

ማጫወቻው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ የ110 ቮልት ትራንስፎርመር መግዛት ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ስለሆነ በእኛ 50 ኸርዝ ላይ ይዘገያል፣ በደቂቃ 45 ዙር መዞር የሚገባው ሸክላም 37.5 ዙር ብቻ ይዞራል። አምሃ ሬኮርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸውን ትንንሽ ሸክላዎች በእንዲህ ዓይነት ማጫወቻ መስማት ዘፋኙን መበደል ነው። ስለዚህ የአውሮፓ ሞተር ይመረጥ። ሞተሩን ከሳህኑ ጋር የምታገናኘው ባለ ጎማ መንኮራኩርም በጣት ተጭና ትታይ፤ እንደ ድንጋይ ከደረቀች ዙሩ ይዋዥቃል።

የድሬዳዋ ሙቀት የሚጎዳው በተለይ ካርትሪጁን፣ ማለትም መርፌውን ይዞ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ክፍል ነው። በብዙዎቹ የድሮ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ክሪስታል ከሮሼል ጨው የተሠራ ሲሆን፣ ወደ 50 ዲግሪ የሚጠጋ ሙቀት ያበላሸዋል፤ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በተከማቸ ዕቃ ውስጥ ደህና ሆኖ መገኘቱ አጠራጣሪ ነው። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በሐረር የተቀመጠ የተሻለ ዕድል አለው። የሴራሚክ ካርትሪጅ ያለው ከተገኘ ያለ ማመንታት ይወሰድ። የ78 ዙር ሸክላም ላለው ሰው መርፌው ሁለት ገጽ ያለው ሊሆን ይገባል፤ የ78 ሸክላ መስመር ሰፊ ስለሆነ በቀጭኑ የ45 መርፌ በደንብ አይነበብም።

ለየብቻ የተገዙትን ማገናኘት ቀላል ነው። አብዛኞቹ የቫልቭ ራዲዮዎች ከጀርባቸው የማጫወቻ መሰኪያ አላቸው፤ ክሪስታልም ሆነ ሴራሚክ ካርትሪጅ በቀጥታ ይሠራበታል፣ ማግኔታዊ ካርትሪጅ ግን ቅድመ ማጉያ ይፈልጋል። በ«ዩ» ዓይነቱ ራዲዮ ላይ ይህን አያድርጉ።

ራዲዮግራም የሚያዋጣው ማጫወቻው በአውሮፓ ሞተር፣ ባልደረቀ ጎማና በሚሠራ ካርትሪጅ ሸክላ ሲያጫውት በዓይንና በጆሮ ከተረጋገጠ ነው፤ ትልቁ ስፒከርና ሣጥኑ የሚሰጡት ወፍራም ድምፅ በጠረጴዛ ራዲዮ አይገኝም። ያም ሆኖ ለጀጎል ነዋሪ መኪና በማይገባበት ጠባብ መንገድ በሸክም ማስገባቱ፣ ከዚያም ነደባ (ከፍ ያለ መቀመጫ መደብ) ባለው የሐረሪ ቤት ቦታ ማግኘቱ ከባድ ነው። ሰፊ ሳሎን ላለው የድሬዳዋ ከዚራ ሠፈር ነዋሪ ይህ ችግር አይሆንም። ማጫወቻው የማይሠራ ራዲዮግራም ከቀረበ ዋጋው ከአንድ የጠረጴዛ ራዲዮ ዋጋ እንዳይበልጥ ይደራደሩ፤ የሚገዙት ራዲዮውን ብቻ ነውና።