አንድ ሊትር ሞተር ከተርቦ ጋር፦ ከ18 ወርና ከ27,000 ኪሎ ሜትር በኋላ

መኪናዋን ልገዛ ስል አብሮኝ የሄደው ዘመዴ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካየ በኋላ «ዋናው ሞተር የት አለ?» ብሎ ሳቀብኝ። ሦስት ሲሊንደር፣ 999 ሲሲ፣ ከጎኑ የተለጠፈ ከጡጫ ብዙም የማይተልቅ ተርቦ፣ ማለትም በሞተሩ ጭስ ግፊት እየዞረ ወደ ሲሊንደሮቹ አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ። ይኸው ነው። ስረከባት 41,000 ኪሎ ሜትር ተነድታ ነበር፤ አሁን 68,000 ደርሳለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ መንገድ ላይ ያስደነገጠችኝ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን የሞተሩ ጥፋት አልነበረም።

የጉልበቷን ነገር ባጭሩ ልጨርሰው። ሙሉ የመጎተት ኃይሏ የሚገኘው በደቂቃ ከ1,800 ዙር ጀምሮ ስለሆነ፣ የቀድሞዋ 1.6 ሊትር መኪናዬ እየጮኸች የምትወጣውን ዳገት ይህቺ በአራተኛ ማርሽ ዝም ብላ ትወጣዋለች። ከፍታ ላይ ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ የኃይሉን አንድ አሥረኛ ያህል ሲያጣ፣ ተርቦ ያለው የሳሳውን አየር አምቆ ስለሚያስገባ አብዛኛውን ጉድለት ይሸፍነዋል። ከ1,500 ዙር በታች ግን ሞተሩ በእርግጥም አንድ ሊትር ብቻ ነው፤ ከቆመበት ሲነሣ ለአፍታ «ምን ነካት?» ያሰኛል። ይለመዳል።

ዋናው ጉዳይ ዘይት ነው። የዚህ ዓይነት ተርቦ ዘንግ በደቂቃ እስከ 200,000 ዙር ይሽከረከራል። አንዱን ጫፍ ከ900 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሚደርስ ጭስ ይገርፈዋል፤ ሌላው ጫፍ ንጹሕ አየር ይስባል፤ መካከል ላይ ዘንጉን ተሸክሞ የሚያንሳፍፈው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው። መመሪያው መጽሐፍ ዘይት በ15,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር ይላል። እኔ በ8,000 ወይም በስድስት ወር፣ ቀድሞ በደረሰው እቀይራለሁ። ይህን ልማድ ያስያዘኝ መካኒክ አይደለም፤ የዘይት መለኪያው ዘንግ ነው።

በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት ዘንጉን መዝዤ በጨርቅ ጠርጌ መልሼ ሳወጣው፣ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት ግማሽ ጣት ያህል አልፎ አገኘሁት። ዘይት ሲጎድል አውቃለሁ፤ ሳይጨመርበት ሲበዛ ግን ያየሁት ያን ዕለት ነው። ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋው ቤንዚን ቤንዚን ሸተተኝ። ያን ሰሞን መኪናዋ የምትሄደው ከቤት እስከ ሥራ ቦታ አራት ኪሎ ሜትር ብቻ ነበር፤ ሞተሩ በቅጡ ሳይሞቅ ይጠፋል። ቤንዚኑ በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ፣ ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ያረፈው ሳይተን በፒስተን ቀለበቶቹ አጠገብ ወደ ታች ይሾልክና ዘይቱን ያቀጥነዋል። የቀጠነ ዘይት ደግሞ የተርቦውን ዘንግ የሚሸከምበት አቅም የለውም። ያን ቀን ዘይቱን ቀየርኩ፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢያንስ አርባ ደቂቃ ሳላቋርጥ እነዳታለሁ። መጠኑ ዳግመኛ አልጨመረም።

«ዘይት ያው ዘይት ነው» የሚለውም አነጋገር ለዚህ ሞተር አይሠራም። ዙሩ ዝቅ ብሎ ጭነቱ ሲከብድ፣ ካንዴላው ሳይለኩሰው የቤንዚንና የአየሩ ድብልቅ በራሱ ጊዜ የሚፈነዳበት አጋጣሚ አለ፤ አንድ እንዲህ ያለ ምት ፒስተን ሊሰብር ይችላል። ዘይት ውስጥ በብዛት የሚጨመረው የካልሲየም ማጽጃ ችግሩን እንደሚያባብስ ስለተደረሰበት፣ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም በ2018 «ኤስኤን ፕላስ» የተባለውን፣ በ2020 ደግሞ «ኤስፒ» የተባለውን ደረጃ አውጥቷል። ስለዚህ ጣሳው ላይ «ኤስፒ» መኖሩንና የመኪናዋ አምራች የሚጠይቀው የዘይት ደረጃ ቁጥር መጻፉን ሳላይ አልገዛም። ቀሪው የእግር ሥራ ነው፤ በአምስተኛ ማርሽ በ1,300 ዙር እየሄድኩ ቤንዚን እስከ ወለሉ አልረግጥም፤ ማርሽ እቀንሳለሁ።

የባለቤት ቸልተኝነት በተርቦ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በ1962 የወጣው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ከመጀመሪያዎቹ ባለተርቦ የቤት መኪናዎች አንዱ ነበር። ሞተሩ እንዳይንኳኳ የውሃና የሜታኖል ድብልቅ ለብቻው በተሠራ ማጠራቀሚያ መሞላት ነበረበት። ብዙዎች መሙላቱን ረሱት፤ ማጠራቀሚያው ባዶ ሲሆን መኪናው ጉልበቱን ይቀንሳል፤ እነሱም «ተበላሸ» ይላሉ። በመጨረሻ ተርቦው ተነቅሎ ተራ ካርቡረተር የተተካላቸው ብዙ ናቸው።

ወደ ድንጋጤዬ ልምጣ። በአስራ አንደኛው ወር ዳገት ላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ሰማሁ፤ ወዲያው ቢጫው የሞተር መብራት በራ፤ ጉልበቷም ከዳት። መጀመሪያ የወሰድኳት ጋራዥ አንድ ብሎን ሳይፈታ «ተርቦው አልቋል፣ ይቀየር» አለኝ። እሺ ልል ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። ሁለተኛው መካኒክ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ «ልጄ፣ ተርቦ ሲያልቅ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል። ይህቺ አጭሳለች?» አሉኝ። አላጨሰችም። የአየር መስመሩን አፍ ዘግተው በኮምፕሬሰር ትንሽ አየር ነፉበት፤ ከዚያ ማኒኮቶዎቹን፣ ማለትም አየር የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች፣ በሳሙና ውሃ አርከፈከፏቸው። ከተርቦው የወጣው አየር ወደሚቀዘቅዝበት ራዲያተር በሚገባው ማኒኮቶ ላይ፣ ልክ ማሰሪያው ሥር፣ አረፋ ቀስ ብሎ አበጠና ፈነዳ፤ ሌላ ተተካ። ጥፍር የማያህል ስንጥቅ! ማኒኮቶውና ማሰሪያው ተቀየሩ፤ ተርቦው እስከ ዛሬ አልተነካም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይኸው ነው።

ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ከኮፈኑ ሥር የሚሰማው ዝቅ ያለ እዝዝታ መጀመሪያ ላይ ባትሪ የሚጨርስ ብልሽት መስሎኝ ነበር። ለካ ተርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት እንዳያር የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚያዞር የኤሌክትሪክ ፖምፓ ነው። ቢሆንም ከረጅም ዳገት በኋላ ወዲያው አላጠፋም፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ኪሎ ሜትሮች ዝግ ብዬ እጨርሳቸዋለሁ።

የነዳጅ ፍጆታዋ በወረቀት ላይ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ነው፤ የእኔ አማካይ 6.4። ተርቦው ጠንክሮ ሲሠራ ሙቀቱን ለማብረድ ተጨማሪ ቤንዚን ይረጫል፤ የሚቸኩል ሰው ትንሽ ሞተር ስለገዛ ብቻ አይቆጥብም። ዘይቱን መብራት ሲበራ ብቻ የሚያስታውስ ወዳጅ ቢያማክረኝ፣ ተርቦ የሌለው 1.6 ግዛ እለዋለሁ።

በ60,000 ካንዴላዎቹ ሲቀየሩ በአየር ማስገቢያው በኩል ካሜራ አስገብተን ቫልቮቹን አየናቸው። ቤንዚን ስለማያጥባቸው ጀርባቸው ላይ ስስ ጥቁር ቅርፊት ይዘዋል፤ ገና ለመጠረግ አልደረሰም፤ በ90,000 እንደገና እናያለን። በቅርቡ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እግሬን ከቤንዚን መስጫው ሳነሣ ከተርቦው አካባቢ እንደ ቆርቆሮ የሚንቀጫቀጭ ድምፅ ጀምሯል፤ ትርፍ ጭሱን የሚያሳልፈው በር ዘንግ መላላት ሳይሆን አይቀርም። ሲሞቅ ይጠፋል። እስካሁን ጆሮዬን ከመስጠት በቀር ምንም አላደረግሁለትም።