ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃው፦ ለቤት ቪድዮ ትራንዚሽንና ኤፌክቱ እንዴት ነው?

መጀመሪያ ልናዘዝ። የልጄን ልደት የ4 ደቂቃ ቪድዮ በአንድ የስልክ አፕ ኤዲት አድርጌ 31 ትራንዚሽን (ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው መሸጋገሪያ) ከትቼበታለሁ፣ በኋላ ቆጥሬው ነው። ልብ ሆኖ የሚከፈት፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለጥ፣ ኩብ ሆኖ የሚሽከረከር፣ ያልገባ የለም። እናቴ ትንሽ አይታ "ኧረ ራሴን አዞረኝ፣ ልጁ የታለ?" አለችኝ። ከዛ በኋላ ነው ኮምፒውተር ላይ ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለውን የቪድዮ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ያወረድኩት። ስለ ቀለም ስራው ብዙ ተወርቷል፣ እኔ ስለ ትራንዚሽንና ኤፌክቱ ብቻ ላውራ።

ሰሪዎቹ ብላክማጂክ ዲዛይን ናቸው፣ ካሜራም የሚሰሩት። ነፃው በራሱ ወተርማርክ (ምስሉ ላይ የሚታተም ምልክት) አይለጥፍም፣ እስከ አልትራ ኤችዲ (4ኬ የሚሉት ጥራት) በሰከንድ 60 ፍሬም ድረስ ያወጣል፣ ለቤት ቪድዮ ተርፎ ይፈሳል። ያልወደድኩት የሚከፈልበት የስቱዲዮ ስሪት ኤፌክቶች ከነፃዎቹ ጋር ተደባልቀው መቀመጣቸው ነው፣ አንዱን ክሊፑ ላይ ከጣላችሁ ወተርማርኩን ይዞ ይመጣል፣ ያኔ መልሶ ማጥፋት ነው።

ትራንዚሽን ማስገባት በጣም ቀላል ነው፣ ሁለቱ ክሊፖች የሚገናኙበትን መርጦ ኮንትሮልና ቲ መጫን፣ በቃ፣ የ1 ሰከንድ ክሮስ ዲዞልቭ ይገባል። ብዙ ጀማሪ የሚደናገረው ፕሮግራሙ "ክሊፑ ትርፍ የለውም ልቁረጠው ወይ" ብሎ ሲጠይቅ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ዲዞልቭ ማለት አንዱ ምስል ሳያልቅ ሌላው ላዩ ላይ መምጣቱ ስለሆነ ከመቁረጫው ወዲያና ወዲህ ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ያልተጠቀማችሁበት ምስል መኖር አለበት፣ ክሊፑን እስከ ጫፉ ከተጠቀማችሁበት ከየት ያምጣው? እሺ ካላችሁት ከክሊፑ ላይ ይበላል፣ ልጁ ሻማውን እፍ የሚልባት ቅፅበት ተቆርጣ ልትሄድ ትችላለች። መፍትሄው ስትቀርፁ ነው ያለው፣ ሪከርድ ተጭናችሁ 3 ሰከንድ ጠብቁ፣ ሲያልቅም ወዲያው አታጥፉ።

ዲፕ ቱ ከለር የሚባለውን፣ ምስሉ አንድ ቀለም ውስጥ ጠፍቶ ሌላው የሚወጣበትን፣ ጥቁር አድርጌ "ጠዋት ነበር አሁን መሽቷል" ለማለት እጠቀምበታለሁ። ስሙዝ ከት ደግሞ ሰው እያወራ መሃል ላይ "እእእ" ያለውን ስትቆርጡ ዝላዩን የሚደብቅ ነው፣ ጭንቅላቱ ብዙ ካልተንቀሳቀሰና ጥቂት ፍሬም ብቻ ከሰጣችሁት ቆንጆ ይሰራል፣ ካልሆነ ፊቱ እንደ ሰም ይቀልጣል። ኩቡን፣ ምናምኑን እርሱት።

ከሁሉም በላይ የለወጠኝ ግን ድምፅ ነው። የምስሉን መቁረጫ ባዶውን ተዉትና የሚቀጥለውን ክሊፕ ድምፅ መነሻ ጫፍ ብቻ አልት ይዛችሁ ወደኋላ ጎትቱት፣ የሚቀጥለው ክሊፕ ሳቅ ቀድሞ ይሰማል ከዛ ሰዎቹ ይታያሉ፣ ምንም ትራንዚሽን ሳይኖር ይለሰልሳል። ድምፁ ላይ ትንሽ ክሮስፌድ (አንዱ ድምፅ እየቀነሰ ሌላው እየጨመረ የሚሄድበት) ከጨመራችሁማ ቋ የምትለዋ ነገርም ትጠፋለች።

ስሎው ሞሽን የምትፈልጉ በሰከንድ በ60 ፍሬም ቅረፁና በ30 ፍሬም ታይምላይን (ክሊፖቹ የሚደረደሩበት መስመር) ላይ በግማሽ ፍጥነት አድርጉት። በ30 የተቀረፀውን ካዘገማችሁት ፍሬሙ እየተደገመ ይንገጫገጫል። የታይምላይኑን ፍሬም ሬት መጀመሪያውኑ ምረጡ፣ ክሊፕ ከገባ በኋላ መቀየሩ ያስቸግራል።

ፊውዥን የሚለውን ውስብስብ ኤፌክቶች የሚሰሩበትን ገጽ ለጊዜው አትንኩት፣ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ከባድ ነው፣ ራማችሁ 16 ጂቢ ካልሆነ ትሰቃያላችሁ፣ የኔው ላፕቶፕ ኤፌክት ሲበዛ ማራገቢያው ያጓራል። ሬንደር ካሽን፣ ከባዱን ክፍል ቀድሞ ሰርቶ የሚያስቀምጠውን፣ ስማርት ላይ ማድረግ ትንሽ ያስተነፍሳል።

የልደቱን ቪድዮ እንደገና ሰራሁት፣ 3 ትራንዚሽን ብቻ። እናቴ እስከ መጨረሻው አየችው፣ ልጄ ግን "ልቧ የታለች?" ብሎ አለቀሰብኝ። ሪዞልቭም ውስጥ አለች ለካ፣ አንዷን መልሼ ከተትኩለት።