ለሜሪላንድ ዓሣ አሳዳጊዎች ያለኝ ምስጋና

በሲልቨር ስፕሪንግና በዊተን አካባቢ ለምትኖሩ፣ ዓሣ ማጥመድ ለምትወዱም ሆነ ልጆቻችሁን ከስልክ የምታላቅቁበት ሰበብ ለምትፈልጉ ወገኖቼ አንድ ጥቆማ አለኝ።

በዊተን መናፈሻ ውስጥ ባለው ፓይን ሌክ የምናጠምደው ሬይንቦ ትራውት እዚያው የተፈለፈለ አይደለም። ትራውት ብርድ ወዳድ ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች የተጨመረው ደጋው ተስማምቶት ራሱን እየተካ ቀርቷል፤ የእኛ ትንሽ ሐይቅ ግን በሐምሌ ስለሚሞቅ አያኖረውም። ስለዚህ የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ሠራተኞች በሄገርስታውን አጠገብ እንዳለው አልበርት ፓወል ባሉ ማባዣ ጣቢያዎች፣ በቀዝቃዛ የምንጭ ውኃ፣ ጫጩቱን ከዓመት በላይ ቀልበው ያሳድጉና በመኪና ጭነው ደጃችን ድረስ ያመጡልናል።

ሲያራግፉ ቆሜ አይቻለሁ። መኪናው ላይ ኦክስጅን የሚገባባቸው ትልልቅ ጋኖች አሉ። አንዱ ከላይ ሆኖ በመረብ እየጨለፈ ባልዲ ይሞላል፣ ሌላው እየተቀበለ ወደ ውኃው ይወርዳል። ልጄ አጠገባቸው ስትቁለጨለጭ ያየ ጎልማሳ ሠራተኛ ሥራውን ገታ አድርጎ ግማሽ ባልዲ ሰጣትና ራሷ እንድታፈስ አደረጋት። ጎኑ ላይ ሮዝ መስመር ያለው ዓሣ እየተወራጨ ሲወጣ ጫማዋን አራሰላት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ሐይቁ የእሷ ነው። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ ምስጋናዬ ግን ይድረሰው።

ወጪውን የምንችለው እኛው አጥማጆች ነን። አንደኛው ምንጭ የፈቃድ ክፍያ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት በማጥመጃ ዕቃዎች ላይ የተጣለው ቀረጥ ሲሆን፣ በአብዛኛው 10 በመቶ ነው። መንጠቆ ስትገዙ ዋጋው ውስጥ አለ። ይህ ገንዘብ ለግዛቶች ሲከፋፈል 60 በመቶው የሚሰላው ፈቃድ ባወጡ ሰዎች ብዛት፣ 40 በመቶው በመሬትና በውኃ ስፋት ነው። እንግዲህ «ማን ይቆጣጠረኛል» ብሎ ያለ ፈቃድ የሚያጠምድ ሰው ግዛቱን የራሱን ክፍያ ብቻ ሳይሆን ከፌዴራል የሚመጣውንም ያሳጣዋል። በዚህ ጉዳይ አንዳንድ ወዳጆቼን እቀየማለሁ፣ እነሱም ያውቁታል።

አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለ፤ ዓሣው በብዛት የሚመጣበት ወቅት ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለአባቶች ትቻለሁ፤ የእኔ ድርሻ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ፋሲካን ይጠብቃል።

የትኛው ውኃ መቼ ዓሣ እንደተጨመረበት መምሪያው በድረ ገጹ ያወጣል። ከ16 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ፈቃድ አያስፈልግም። አዋቂ ግን ከመደበኛው ፈቃድ ሌላ ለትራውት ተጨማሪ መክፈል አለበት። አንዳንድ ጅረቶች እስከ መክፈቻው ቀን ድረስ ስለሚዘጉ ደንቡን አስቀድማችሁ አንብቡ። መኪናው ሲያራግፍ ከደረሳችሁ ደግሞ ለሠራተኞቹ ትኩስ ቡና ያዙላቸው፤ በየካቲት ብርድ እጃቸው ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው።