ማንትራ ኤም6 ወይስ ሪፕስቲክ 96? ስኪና ባይንዲንግ አብሮ መምረጥ

ሱቅ ገብቶ «ኦል ማውንቴን» ስኪ የጠየቀ ሰው ወገቡ (የስኪው መሀል፣ ከእግር ሥር ያለው ስፋት) ከ80 እስከ 105 ሚሊ ሜትር የሆነ ስኪ ሁሉ ይደረደርለታል። ስሙ ለሁሉም ተራራ ይሁን እንጂ የ84 ሚሊውና የ102 ሚሊው ጠባይ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። መካከለኛውን ደረጃ አልፈው ጥቁር መስመር (ለበረቱት የተመደበውን ቁልቁል) መውረድ የጀመሩ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አዲስ በረዶ እስከ ጉልበት የወደቀበትን አንድ ቀን እያሰቡ ሰፊውን ይገዙና፣ የቀረውን ወቅት በጠንካራ መንገድ ላይ ጠርዙን ለማስያዝ ሲታገሉ ይከርማሉ። ወገቡ በሰፋ ቁጥር ጠርዙ ከእግር መሀል ይርቃል፤ ስኪውን በጎኑ ለማቆም ቁርጭምጭሚትና ጉልበት አብዝተው ይገፋሉ።

ከዴንቨር ተነስቶ ወደ ኮሎራዶዎቹ የስኪ ተራሮች ላቭላንድ፣ ኮፐር ወይም ብሬከንሪጅ ለሚመላለስ ሰው ከ90 እስከ 98 ሚሊ ይበቃል። የኮሎራዶ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ በማሽን ተደልድሎ ሲጠነክርም ጠርዝ ይቀበላል። ከዋሽንግተን ዲሲ ወይም ከቨርጂኒያ ወደ ፔንስልቬኒያዎቹ ዋይትቴይልና ሊበርቲ የሚሄደው ግን ሌላ መሬት ላይ ነው የሚቆመው። እዚያ አብዛኛው በረዶ በማሽን የተረጨ ነው፤ ቀን ይላላል፣ ሌሊት ግግር ይሆናል። ለዚያ ቦታ ከ88 ሚሊ በላይ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው፤ እንደ ሮሲኞል ኤክስፒሪየንስ 86 ያለ ጠበብ ያለ ስኪ ይሻላል። ከዚህ በታች የምናነጻጽራቸው ሁለቱ ባለ 96 ሚሊዎች የምዕራብ አሜሪካ ሰው ዕቃዎች ናቸው።

ፎልክል ማንትራ ኤም6 በ177 ሴንቲ ሜትር ርዝመቱ አፍንጫው 135፣ ወገቡ 96፣ ጅራቱ 119 ሚሊ ሜትር ነው። ውስጡ እንጨት ሲሆን የቲታናል ላሜራ ተጨምሮበታል። ስሙ ያሳስታል፤ አንዳንድ ሻጭም «ታይታኒየም» ይለዋል፤ እውነቱ ግን የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። ሥራው ንዝረት መዋጥ ነው፤ በፍጥነት በተቆራረሰ በረዶ ላይ ሲያልፉ ስኪው እንዳይንቀጠቀጥ ያደርጋል። ፎልክል ላሜራውን ሙሉ ከማንጠፍ ይልቅ ቆራርጦ በጠርዞቹ ዙሪያ እንደ ፍሬም ስላዋለው መሀሉ የመተጣጠፍ ዕድል አግኝቷል። የጎኑ ኩርባም አንድ ወጥ አይደለም፤ ከእግር ሥር አጭር ራዲየስ፣ አፍንጫና ጅራት ላይ ረጅም አለው። ቀጥ ብለው ሲወርዱ እንደ ረጅም ስኪ ይረጋል፤ በደንብ አጋድለው ሲጫኑት አጭሩ ራዲየስ ይነሳና ጠበብ አድርጎ ይዞራል። ጉዳቱ ለማይጫነው ሰው አለማዘኑ ነው። ሲፈራ ክብደቱን ወደ ኋላ የሚጥል ሰው ሞጉል (ተደጋግሞ ከመዞር የተቆለለ የበረዶ ጉብታ) ላይ ጅራቱ ይዞት ይሄዳል፤ እስከ ከሰዓት ጭኑ ይቃጠላል።

የስሎቬኒያው ኤላን እ.ኤ.አ. በ1993 ወገበ ቀጭኑን ኤስሲኤክስ ያወጣና የዛሬውን የስኪ ቅርጽ ካስለመዱት አንዱ የሆነ ፋብሪካ ነው። የእሱ ሪፕስቲክ 96 ቀኝና ግራ አለው። በውስጠኛው ጠርዝ በኩል ካምበር አለው፤ ማለትም ወደ ላይ ቀስት ሆኖ በረዶውን ይይዛል። በውጭው በኩል ደግሞ ሮከር ሆኖ አፍንጫው ቀደም ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ተጣብቆ ይይዛል፣ ግን በቀላሉ ይለቃል። የብረት ላሜራ የለውም፤ በእንጨቱ ውስጥ የካርቦን ቱቦዎች አሉት፤ ቀላል ነው። ዛፍ መሀልና ሞጉል ላይ ከማንትራው ይበልጣል። በፍጥነትና በጠንካራ ስብርባሪ በረዶ ላይ ግን አፍንጫው ያጨበጭባል፤ እዚያ ማንትራው ጌታው ነው። ጠርዙ እኩል እንዲያልቅ ቀኙን በግራ እየቀያየሩ የመጠቀም ልማድ ያለበት ሰው ይህን ስኪ ሲይዝ ይተወው፤ ከተቀያየረ ሮከሩ ወደ ውስጥ ይመጣና አያያዙ ይደክማል። ከመካከለኛ ወደ ላይ እየወጣ ላለ ሰው ሪፕስቲኩን እንመርጣለን። በጥቁር መስመር በድፍረት ለሚወርድ፣ ክብደትም ላለው ሰው ማንትራውን።

ርዝመት፦ ማንትራው 163፣ 170፣ 177፣ 184 እና 191 አለው፤ ሪፕስቲኩ 164፣ 172፣ 180 እና 188። ቁመቱ 175 ሴንቲ፣ ክብደቱ 75 ኪሎ የሆነ መካከለኛ ተንሸራታች ከ170 እስከ 172 ይውሰድ፤ የበረታው ከ177 እስከ 180። ሮከር ያለው ስኪ በረዶ የሚነካው ክፍል ስለሚያጥር ከቁመት ጋር ቢተካከል አያስፈራም።

አሁን ወደ ባይንዲንግ፣ ቡቱን (የስኪ ጫማውን) ከስኪው ጋር ወደሚያያይዘውና ሲወድቁ ወደሚለቀው ዕቃ። ብዙ ሰው ለስኪው ሳምንት ያስባል፣ ባይንዲንጉን በቀለሙ ይመርጣል፤ እግር የሚሰበረው ወይም የሚተርፈው ግን በባይንዲንጉ ነው። የመልቀቂያው ቁጥር ዲን ይባላል (ከእሳትና ዲኑ ጋር ዝምድና የለውም)። የሚሰላው ከክብደት፣ ከቁመት፣ ከዕድሜ፣ ከቡቱ ሶል ርዝመትና ከአወራረድ ዓይነት ነው። ከላይ የጠቀስነው ሰው ሶሉ 305 ሚሊ ቢሆንና አወራረዱ መጠነኛ ቢሆን ዲኑ ወደ 6 ይጠጋል፤ ኃይለኛ ከሆነ ወደ 7። ዕድሜው 50 ከሞላ አንድ ደረጃ ይወርዳል። የራስ ቁጥር ባይንዲንጉ ከሚሄድበት የዲን ክልል መሀል አካባቢ ቢውል ይመረጣል። ስለዚህ ከ6 እስከ 15 የሚሄደው ሉክ ፒቮት 15 ለዚህ ሰው አይሆንም፤ መነሻው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።

ማርከር ግሪፎን 13 ከ4 እስከ 13 ይሄዳል። የፊት ከፍታው በቪቴ ስለሚስተካከል መደበኛውን ሶልም፣ ለመራመድ እንዲመች የተጎበጠውን ግሪፕዎክ ሶልም ይቀበላል፤ ይህን ማስተካከያ የዘነጋ ባለሙያ ግን ቡቱ ተጣብቆ እንዲቀር ያደርጋል። ታይሮሊያ አታክ 14 ከ4 እስከ 14 ነው፤ ለመግባት ቀላል ነው፤ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ሉክ ፒቮት 14 ከ5 እስከ 14 ሲሆን ተረከዙ ከእግር ሥር ይሽከረከራል፤ ከመልቀቁ በፊትም 28 ሚሊ ተለጥጦ ይመለሳል፤ ሞጉል ላይ ያለ ምክንያት አይለቅም። የሚከፈልበት ግን በምቾት ነው፦ ለስላሳ በረዶ ውስጥ ቆሞ ተረከዙን አቅንቶ መግባት ያበሳጫል፣ የማስተካከያ ቦታውም ጠባብ ስለሆነ ሶሉ በጣም የሚለያይ ቡት ከተገዛ ስኪው እንደገና ይበሳል።

ፍሬኑ ከወገቡ እኩል ወይም እስከ 15 ሚሊ ሰፋ ያለ ይሁን። ለ96 ሚሊ ስኪ የግሪፎን ባለ 100 ፍሬን ልክ ነው። 120ው ስኪው ሲጋደል በረዶ ላይ ይጎተታል፤ 90ው ጠርዙ ላይ ተሰክቶ አይወርድም፣ ያመለጠ ስኪም ቁልቁል ይበራል።

ሲገጠም ስለ ፑንታው ይጠየቅ። ቲታናል ላለው ስኪ 4.1 በ9 ሚሊ ነው፤ 3.5 ከተጠቀሙ ቪቴው ላሜራውን ወደ ላይ ይገፋውና ቀዳዳው ዙሪያ ያብጣል። ቀዳዳው ውስጥ ኮላ ይግባ፤ ካልገባ ውሃ ይሰርግና እንጨቱ ይበሰብሳል። ካቻቢቴው ፖዚድራይቭ ቁጥር 3 ይሁን፤ ተራው ባለመስቀል የቪቴውን ጭንቅላት ይበላዋል። ባይንዲንጉ በፋብሪካው መስመር ላይ ይቀመጥ፤ ወደፊት 1 ሴንቲ ማምጣት ስኪውን ለመዞር ያቀለዋል፣ ፓውደር (አዲስ ለስላሳ በረዶ) ላይ ግን አፍንጫው የመስመጥ ዝንባሌ ያመጣል።

ያገለገለ ስኪ ችግር የለውም፤ ጠርዙ ካልተሰነጠቀና ሞረድ የሚያነሳው ብረት ከተረፈው። ያገለገለ ባይንዲንግ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካዎቹ በየዓመቱ ዋስትና የሚሰጡባቸውን ሞዴሎች ዝርዝር ያወጣሉ፤ ከዝርዝሩ የወጣውን ሱቅ አይነካውም። ከመክፈል በፊት ሞዴሉን ለሚገጥመው ሱቅ ደውሎ መጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሱቅ ሲሄዱም ቡቱን ሁለቱንም ይያዙ። በፓርኪንግ አስፋልት ላይ ሲረገጥ የከረመ ሶል ፊቱ ተበልቶ ከሆነ፣ ዲኑ የቱንም ያህል በትክክል ቢሞላ ባይንዲንጉ በልኩ አይለቅም።